አምስተኛው ዲስክ

ኦመርን ሌባ ያልኩት እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። በስልክ፣ በአረብኛ፣ አለቃዬ ሲዲግ በሩ ላይ ቆሞ እየሰማ።

ሲዲግ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር የጉምሩክ ዕቃ አስተላላፊ ቢሮ አለው። እኔ ዘማርያም የኮምፒውተሮቹ ጠጋኝ ነኝ። የቢሮው ኢሜይል በሙሉ የሚያድረው ጓዳ ውስጥ ባለ አንድ ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨሩ ሁለት ዲስክ አለው፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይተርፋል ተብሎ። ወሬ ነው! አንዱ ሲሞት ዝም ብሎ አይሞትም፤ እየተንፈራገጠ የተበላሸ ነገር ይጽፋል፣ ደብዳቤዎቹንም ይዞ ይሄዳል። ከኅዳር ወዲህ ይህ አምስተኛው ነው። በአገሩ ላይ በተጣለው ማዕቀብ የተነሣ አዲስ ዲስክ ማግኘት ዘበት ስለሆነ፣ ኦመር ባሕሪ ሰፈር ካለው ሱቁ የሚሸጥልን ከዱባይ በሻንጣ የመጣ፣ ሰው የሠራበት ነው። ታዲያ ማንን ልጠርጥር?

«ወላሂ ከዚያው ካርቶን ለሃያ ሰው ሸጫለሁ፣» አለኝ ኦመር። «የሚሞተው ያንተ ብቻ ነው። ስማ፣ ያ ዘማርያም፣ መጀመሪያ ቤትህን እይ!» ብሎ ዘጋብኝ።

«ኻላስ፣ በቃ፣ ዛሬ አስተካክለው፣» ብሎ ሲዲግም ሄደ።

እኔን የከነከነኝ የሲዲግ ቁጣ አልነበረም። እትዬ የሻሽወርቅ ናቸው። ቢሮውን የሚያጸዱት እሳቸው ናቸው፤ ካርቱም ሃያ ዓመት ኖረዋል። ልጃቸው ናሆም ነሐሴ ላይ በሊቢያ በኩል ባሕር ሊሻገር ወጣ። በረሃ ላይ ስልክ እንደሚቀሙት ስለሚያውቁ የቢሮውን የኢሜይል አድራሻ በቃሉ አስያዙት። ይኸው ሰባት ወር፣ ወፍ የለም። ጠዋት ጠዋት «ዛሬስ?» ይሉኛል፤ «ገና ነው እትዬ» እላለሁ፤ ባልዲያቸውን አንሥተው ይሄዳሉ። ያን መልስ መስጠት አንገፍግፎኛል።

የሞተውን ዲስክ ፈትቼ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። ሰርቨሩ ክዳን የለውም፤ በዚህ ሙቀት ክዳኑን አንሥተን ማራገቢያ እናዞርበታለን፤ የማውቃቸው ጠጋኞች ሁሉ የሚያደርጉት ነው። የዲስኩ አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች አየሁ። የደረቀ ውኃ። በመጋቢት፣ በካርቱም፣ ውኃ ከየት? ጣሪያውን አየሁ፤ ደረቅ ነው። የውኃ ማቀዝቀዣው ደግሞ ሌላ ክፍል ውስጥ ነው።

ደብተሬን ገለጥኩ። ዲስኮቹ የሞቱባቸውን ቀኖች በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ፦ ኖቬምበር 21፣ ዲሴምበር 21፣ ጃንዋሪ 20፣ ፌብሩዋሪ 19፣ ትናንት ደግሞ ማርች 21። ስንት ጊዜ አይቻቸው ምንም አላሉኝም ነበር። ዓይኔን ሳነሣ ግን እትዬ የሻሽወርቅ ግድግዳው ላይ የሰቀሉትን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር አየሁ። ትናንት መጋቢት አሥራ ሁለት፣ ሚካኤል። ጣቴን እየሰደድኩ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። አምስቱም አሥራ ሁለት። አምስቱም ሚካኤል።

ያኔ ጥቅምት ላይ ያልኩት ነገር ትዝ አለኝ። «ሰርቨር የምትሉት የቱ ነው?» ብለው እትዬ ሲጠይቁኝ ጓዳ ወስጄ አሳየኋቸው። «የናሆም ደብዳቤ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚህ ነው። ጥገናውን እኔ እይዛለሁ፣ ጥበቃውን ለሚካኤል ይስጡት፣» አልኳቸው። መቀለዴ ነበር። ሰርቨሩ ከተቀመጠበት መደርደሪያ ጀርባ እጄን ሰደድኩ። መስቀል የተሣለባት ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አገኘሁ፤ የጸበል ጠርሙስ ናት። ማንም ቢሮ ሳይገባ፣ በየወሩ በሚካኤል፣ ክፍቱ ሰርቨር ላይ ይረጩ ነበር ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ሳቄ መጣ። የኢሜይሎቹን ዝርዝር ከተረፈው ዲስክ እስካወጣ ድረስ።

ዓርብ ማታ የገባ አንድ ኢሜይል ነበር። የላኪው ስም፦ ናሆም። ርእሱ፦ «እማዬ ሳልሻገር በዚህ ቁጥር ደውዪልኝ»። ከፈትኩት። ባዶ ነው። የስልክ ቁጥሩም፣ የጻፈበት አድራሻም ከውስጡ ጋር ፈርሰዋል። መጠባበቂያ የምቀዳው ሐሙስ ሐሙስ ስለሆነ የዓርቡ እዚያ የለም። አሥር ጊዜ ዘግቼ ከፈትኩት።

እትዬ የሻሽወርቅ መወልወያቸውን ይዘው ገቡ። «ዛሬስ?» አሉ።

«ናሆም ጽፎ ነበር፣ እትዬ።»

መወልወያው ከእጃቸው ወደቀ። «አለ? ልጄ አለ?»

«ዓርብ ዕለት ነበረ። ባሕሩን ሳልሻገር በዚህ ቁጥር ደውዪልኝ ይላል። ቁጥሩ ግን ጠፋ። ትናንት ዲስኩ ተበላሸ።»

«ትናንት?» ጓዳው በር ላይ ቁጭ አሉ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዘማርያም። ጸበሉ አልቆብኝ ትናንት ጠብታ ብቻ ነው ያደረግሁለት። ሌላ ጊዜ እኮ አጠግበው ነበር። ሰሰትኩበት።»

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን አየሁና አቃተኝ።

«የርስዎ አይደለም፤ የኔ ጥፋት ነው፣» አልኳቸው።

«አንተማ መቼ እንቅልፍ ተኝተህ ታውቃለህ ልጄ!» እንባቸውን ጠርገው ተነሡ። «ሳይሻገር ደግሞ ይጽፋል፤ አይደል? ኢንሻአላህ በለኝ።»

«ኢንሻአላህ።»

«በል የሚቀጥለውን ሚካኤል አልጠብቅም። ዛሬውኑ ሙሉ ጠርሙስ አመጣለታለሁ።» ጫማቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ወጡ።

ከጠረጴዛው ሥር ክዳኑን ጎትቼ አወጣሁ። አቧራውን ጠረግሁና ሰርቨሩ ላይ ገጠምኩት። አራቱንም ብሎኖች እጄን እስኪያመኝ አጠበቅኋቸው። ከዚያ ለኦመር ደወልኩ። አላነሣም፤ ደግሜ ደወልኩ፤ አነሣ።

«ይቅር በለኝ፣» አልኩት። «ዲስክ ይዘህልኝ ና። አሁኑኑ፣ ያ ኦመር፣ ልጁ ሳይሻገር።»