ቆጮ አቅራቢን ሥራ ሳያስተጓጉሉ ስለ መለወጥ

፩. ሥራው እንዳይስተጓጎል

«...እስከዚያ ግን ለሴትዮዋ ምንም እንዳትነግሪያት» አላት ናሆም።

ናሆም የክትፎ ቤቱ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ነው። ሽታዬ ዕቃ ገዢዋ ናት። «ሴትዮዋ» የተባሉት ደግሞ ወይዘሮ ብርነሽ ናቸው፤ ከጉራጌ አገር ለቤቱ ቆጮ መላክ ሲጀምሩ ናሆም የት እንደነበረ እንጃ። ስም እያላቸው፣ ሴትዮዋ።

፪. ሥራው እንዳይስተጓጎል

አንባቢ ሆይ፣ ዕቅዱን ቀስ ብለህ አንብበው። በችኮላ ሲያነቡት ብልህነት ይመስላል።

አዲስ አቅራቢ ተገኝቷል፤ ቆጮውን በላስቲክ አሽጎ የሚያመጣ ድርጅት ነው። እስከ መስቀል ይሞከራል። ከቀናው ወይዘሮ ብርነሽ ይቀራሉ። ካልቀናው ግን የእሳቸው ቆጮ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ሽታዬ እንደ ወትሮው ታዛለች፣ እንደ ወትሮውም በስልክ ትስቅላቸዋለች።

፫. እንሰት ለማያውቅ

እንሰት ለቆጮ እስኪደርስ ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጃል። ጓሮ ከቆመ አይበላሽም፤ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ከተቆረጠ ግን አለቀ። የሰፈር ሴቶች ተሰብስበው ይፍቁታል፣ ከዚያ ጉድጓድ ተቀብሮ ወራት ይብላላል። ለመስቀል የሚበላው አሁን የሚቆረጠው ነው።

አሁን።

፬. ጥያቄ

ሽታዬ ዝም አላለችም። አዲሱ ድርጅት ከቀናው የእሳቸውን ቆጮ ማን ሊበላው ነው ብላ ጠየቀችው። ገበያ ሞልቷል አላት። እንግዲያውስ ትእዛዙን በጽሑፍ እናድርግላቸው አለችው። ውል ውስጥ መግባት አያስፈልግም አላት፤ ቃል ይበቃል። ከአፏ አንዲት ነገር ካመለጠች ደግሞ ዕቃ ገዢም የሚለወጥ መሆኑን አከለላት።

«የሷ ኪሳራ የኛ ጉዳይ አይደለም፤ እኛ ቤታችንን ነው የምናየው።»

ይህን ቁራጭ በጨዋ ቋንቋ ልጽፈው ደጋግሜ ሞከርኩ። ደሜ እየፈላ እምቢ አለኝ።

፭.

ነውር ነው።

፮. ሥራው እንዳይስተጓጎል (የቀድሞው አሠራር)

አንድ ክረምት መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ሌሎች ክትፎ ቤቶች «ቆጮ የለም» ብለው በር ላይ ለጠፉ። ወይዘሮ ብርነሽ ግን ጭነቱን በአህያ አስጭነው፣ ጭቃውን በእግራቸው አቋርጠው፣ አስፋልቱ ዳር ከሹፌር ጋር ተጨቃጭቀው ላኩት። ያዘዛቸው ሰው አልነበረም። ደንበኛ ፊት እንዳታፍሩ ብዬ ነው አሏት ሽታዬን። ጭነቱን የተረከበችው እሷ ነበረች። ስለዚህ እንደ ናሆም አላየሁም ማለት አትችልም፤ ሌሊት የሚያገላብጣትም ይኸው ነው።

፯. የስልክ ንግግር

(ናሆም ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጧል። እሱም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ክፈቺው ብሏታል።)

ብርነሽ፦ ልጄ፣ ምነው ድምፅሽ ጠፋ?

ሽታዬ፦ አለሁ እትዬ። እንደምን ሰነበቱ?

ብርነሽ፦ ተመስገን። ሴቶቹ መጥተዋል፤ ጓሮ ቆመው እየጠበቁኝ ነው። ጉድጓዱም ተምሷል። ዘንድሮ ትልልቆቹን በሙሉ ልሰጣችሁ አስቤያለሁ።

ሽታዬ፦ በሙሉ? ለቤት አያስቀሩም?

ብርነሽ፦ የቀሩት ገና ለጋ ናቸው፣ ለመብል አይደርሱም። ግድ የለም፣ እናንተ እያላችሁ ምን እሆናለሁ?

(ናሆም «እሺ በያት» ለማለት ራሱን ይነቀንቃል።)

ብርነሽ፦ አለሽ?

ሽታዬ፦ አለሁ።

ብርነሽ፦ እኔ የማምነው ያንቺን ቃል ነው። ላስቆርጠው?

ሽታዬ፦