የቬርና ናሙና

ቬርናና እኔ አሜሪካ፣ ዱሉዝ ከተማ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ሃያ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል፤ የበሽተኛ ናሙና በስሱ እየቆረጥን፣ መስታወት ላይ እየለጠፍን፣ ቀለም እየቀባን። ባለፈው ኅዳር ግን ናሙናው የራሷ ሆነ፤ ከጡቷ የወጣ ዕጢ።

ቀለሙ ዕጢውን ቡናማ ካደረገው ሆርሞን ይቀበላል ማለት ነው፤ በቀን አንዲት ክኒን እየዋጠች ትኖራለች። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ግን ያ ፀጉር የሚያረግፈው፣ ምግብ የሚያስጠላው መድኃኒት ይጠብቃታል።

ለሌላው ሰው ቀለም የሚቀባው ማሽን ይበቃል። ለቬርና ግን እኔ አርሊስ፣ እኔ ሞኟ፣ በእጄ ካልሠራሁት ብዬ ለብቻው አስቀመጥኩት። የሰዉን ሥራ ሁሉ ጨርሼ፣ ስልኬን ዘግቼ፣ ተረጋግቼ ቀባሁት። ሰማያዊ ሆነ። ውጤት መናገር የሐኪም ሥራ ነውና ትንፍሽ አላልኩም። እሷ ግን ፊቴን አየችና ካፖርቷን ለብሳ ወጣች።

በማግስቱ ለሐኪሙ ከመስጠቴ በፊት መስታወቱን ደግሜ አየሁት። ከዕጢው ዳር ጤነኛ የወተት ቱቦዎች አሉ። ጤነኛ ቱቦ ሆርሞን ስለሚቀበል እነሱ እንኳ ቡናማ ነጠብጣብ ሊታይባቸው ይገባ ነበር፤ ጭራሽ የለም። ክው አልኩ። ቀለሙን የበጠበጥኩት ትናንት በጠዋት፣ የእሷን የቀባሁት ግን ማታ ነው፤ ከስድስት ሰዓት በላይ ከቆየ አይሠራም። ለእሷ ስጠነቀቅ የሞተ ቀለም ቀባሁላት።

ደወልኩላት። «ትናንት ፊቴ ላይ ያየሽውን እርሺው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«ምን አድርገሽ?»

«ለብቻሽ ልሥራልሽ ብዬ ቀለሙን አስረጀሁት።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ማን ለብቻዬ ሥሪልኝ አለሽ? ከሰዉ ጋር ማሽኑ ውስጥ ክተቺኝ። መጣሁ።»

አዲስ ቀለም በጥብጬ ከሌሎች አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ጋር ከተትኳት። ማሽኑ እስኪጨርስ ሁለታችንም ተስፋ አደረግን። ያንን ተስፋ የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ወንበሬን ለቀቅኩላትና ማይክሮስኮፑን ራሷ አየች። ብዙ ቆየች። ከዚያ እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቱቦዎቹ ቡናማ ሆነዋል። ዕጢው ሰማያዊ ነው።

«የቱቦዎቹ ቡናማ ጥርት ብሎ ወጥቷል» አለች። «ጥሩ ሠርተሻል፣ አርሊስ። አሁን አመንኩ።»

እኔ ማልቀስ ስጀምር መስታወቱን በጥንቃቄ አንስታ ራሷ ለሐኪሙ ልትሰጥ ሄደች።