በየሠላሳ ደቂቃው አለሁ

«እሺ፣ አንተ ራስህ ተኛና ተጫነዋ! ተኝተህ እንዴት እንደምትጫነው አሳየኝና እኔም ልማር!»

የጮኸው ሹፌሩ ቶላ ነው። ፀጋው መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት እንደገና ቀደመው።

«ዘጠኝ ቀን!» አለ ቶላ፣ ስልኩን እንደ ኤግዚቢት ከፍ አድርጎ። «ዘጠኝ ቀን እዚህ አቧራ ላይ ከርሜ ሦስተኛ ደርሼ ነበር። ጎኔን አሳርፌ ብነሳ ሠላሳ ስምንተኛ! እኔ ብተኛ መኪናዬ የት ሄደ? ያውና ቆሟል። አርባ ቶን የሚጭን ተሳቢ ለዚህ ስልክ አይታየውም?»

«ወንድሜ፣ ሲስተሙ የሚያየው መኪናውን ሳይሆን…»

«ምኑን ነው ታዲያ የሚያየው?»

«ቁልፉን» አለ ፀጋው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይኸው!» አለች ተናኘወርቅ፣ ወደ ሹፌሮቹ ዞራ። «ቁልፉን ነው የሚያየው። ሰምታችኋል? እናንተ ዝም ብላችሁ ነው የመጣችሁት።»

ጠቡ የተነሳው እሁድ ቀትር ላይ፣ ከጅቡቲ ከተማ ወደ ነፃ የንግድ ቀጠናው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች ጭነት በሚጠብቁበት ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው። የዚህን ግቢ ተራ ለአሥራ አንድ ዓመት ያስከበረችው ተናኘወርቅ ናት። መሣሪያዋ ሁለት ነው፦ አንድ የተማሪ ደብተርና አንድ ዱላ። ጠዋት ጠዋት ከከተማው ካርቲየ 5 ሰፈር በሚኒባስ ትመጣለች፤ ከቆርቆሮ ክፍሏ ተቀምጣ የገባውን መኪና በደብተሯ ትጽፋለች። የጭነት ጥሪ ሲመጣ ባለተራው ወደተኛበት መኪና ሄዳ ጎማውን በዱላዋ ሁለት ጊዜ መታ መታ ታደርጋለች፤ ሹፌሩም ከተሳቢው ሥር ዓይኑን እያሸ ይወጣል። እንቅልፈ ከባዶቹን ታውቃቸዋለች፤ ለእነሱ ሦስት ጊዜ ትመታለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ተራው የጠፋበት አንድም ሹፌር የለም። ይህም፣ በቅርቡ እንደተነገራት፣ ኋላ ቀር አሠራር ነው።

ዘመናዊውን አሠራር ይዞ ከአዲስ አበባ የመጣው ፀጋው ነው። «ተራዬ» ይባላል፤ በስልክ የሚከፈት፣ አረንጓዴ፣ ለዓይን የሚያምር ድረ ገጽ። ሹፌሩ ይመዘገባል፤ ከዚያም ቦታው ላይ መኖሩን ለማረጋገጥ በየሠላሳ ደቂቃው «አለሁ» የሚለውን ቁልፍ ይጫናል። ያልተጫነ እንደሄደ ተቆጥሮ ወደ መጨረሻው ይወርዳል። ሠላሳ ደቂቃው እንዲሁ ከሰማይ የወረደ አልነበረም፤ በጥናት የተገኘ ነው። ቦሌ፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ አምስት የሥራ ባልደረቦች ሁለት ቀን ሙሉ ሞክረውታል። አንዳቸውም አላንቀላፉም፤ ቢያንቀላፉም ኮምፒውተር ፊት ስለነበር ሥራ ላይ ናቸው ተብሎ ተመዝግቧል።

በፀጋው ላይ መፍረድ አይገባም። ልጁ የሚሰማ ልጅ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ቁልፉ በነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ነበር፤ ቤት ውስጥ ሲያዩት ውበት ነው፣ በጅቡቲ ፀሐይ ግን ሹፌሮቹ ያዩት ባዶ ነጭ ወረቀት ነው። ወዲያው ጥቁር አደረገው፣ አውራ ጣት የሚያህል። የማረጋገጫው ቁጥር ደግሞ የሚላከው ድንበር ሲሻገር ድዳ ወደሚሆነው የኢትዮጵያ ሲም ካርድ ነበር፤ እሱንም አስተካከለው። ሠላሳ ደቂቃው ግን በእሱ እጅ አልነበረም። የሥራ አስኪያጁ የአቶ ጀንበሬ ነበር።

ፀጋው ደወለና ሁሉም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ጋሼ፣ ችግር አለ። ጭነት የሚጫነው ባብዛኛው ማታ ስለሆነ ሹፌሮቹ ቀን ይተኛሉ። ዛሬ ከሠላሳ ስምንቱ ሠላሳ አንዱ ተንሸራትተዋል። ያልተንሸራተቱትም ሆዳቸውን የታመሙትና ጫት የያዙት ናቸው። በየስድስት ሰዓቱ ባደርገውስ?»

«በራሪ ወረቀቱ ታትሟል እኮ» አለ አቶ ጀንበሬ። እሱ ያለው ከተማ መሐል ነው፤ ጅቡቲ ያለ ሰው ሁሉ ክሊም የሚለው ማቀዝቀዣ በቢሮው ሌት ተቀን ስለሚሠራ፣ በሐምሌ ኮት የሚደርብ የከተማዋ ብቸኛ ሰው ሳይሆን አይቀርም። «‹በየሠላሳ ደቂቃው› ይላል። በፈረንሳይኛ፣ በዓረብኛና በአማርኛ። በሦስት ቋንቋ የታተመ ነገር እንዴት ስህተት ይሆናል?»

አቶ ጀንበሬ መልስ ሳይጠብቅ ቀጠለ።

«ወይዘሮ ተናኘወርቅ እዚያ አሉ?»

«አለሁ» አለች።

«መልካም። ሐሙስ ሲስተሙን የሚያዩ እንግዶች ይመጣሉ። እስከዚያ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሹፌሮች ቁልፉን እየተጫኑ ከቆዩ ተራው ወደ ሲስተሙ ይዞራል፤ የእርስዎም ድካም በዚሁ ያበቃል። ካልተጫኑ እርስዎና ደብተርዎ ባላችሁበት ትቀጥላላችሁ። ከዚህ የበለጠ ፍትሕ ከየት ይመጣል?»

ተናኘወርቅ ነገሩን በልቧ አገላበጠችው። እንጀራዋን ለማቆየት የሚጠበቅባት ምንም አለማድረግ ብቻ ነው፤ ተቀምጦ ዝም ማለት። ስንቱ ሰው በዚህ ሙያ አገልግሎ በክብር ጡረታ ወጥቷል። እሷን ምን ያቅታታል?

ሰኞ ጠዋት ቶላ ወደ ቆርቆሮ ክፍሏ መጣ። ዓይኑ በርበሬ መስሏል።

«እትዬ ተናኜ» አለና ስልኩን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረው። «አንቺ እንደሁ ቀን አትተኚም። እስክነሳ እየተጫንሽ አቆዪልኝ።»

«እኔ ቶላ ነኝ ልል?»

«ስልኩ ጾታ አይለይም።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጠችው። «ቶላ፣ ይሄ ቁልፍ ሳይጫን ሲቀር ነው እኮ እኔ እዚህ የምቆየው። ትናንት ሰውየው ሲናገር አልሰማህም?»

ቶላ ስልኩን እንደሰረቀ ሰው ቀስ ብሎ አነሳው። «እውነትሽን ነው። እኔ አህያ! ተዪው በቃ፣ ነቅቼ እጠብቃለሁ።»

ሄዶ ከመኪናው ጥላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ተናኘወርቅ በመስኮት ታየዋለች። ውሃ ፊቱ ላይ ደፋ። ተነስቶ ተንጎራደደ። ተመልሶ ተቀመጠ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ፤ ስልኩ እጁ ላይ እንዳለ። ምንም አለማድረግ እንዲህ ቀላል ነገር ነው፤ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ብቻ ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ ሆነ። ቶላ ዛሬም ተራው ቢያመልጠው ሌላ ሳምንት አቧራ ይበላል። በግድ ነቅቶ ተራው ቢደርሰው ደግሞ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው አርባ ቶን ጭኖ በዚያ ጠመዝማዛ ዳገት በጨለማ ሊነዳ ነው። ሃያ ስምንት።

«እግዜር ይይላችሁ» አለች፤ ለማን እንዳለችው ራሷም አላወቀችም። ሄዳ ስልኩን ከጣቶቹ መሐል አወጣችና ተጫነችው።

ማታ ቶላ ቦታው ሳይነቃነቅ አገኘው። አፉን ይዘጋ ይሆናል ብላ ነበር፤ ሹፌር አፉን ሲዘጋ ያየ ግን የለም። ማክሰኞ ጠዋት ሠላሳ ስምንት ስልክ ክፍሏ ውስጥ ነበር። ማታ ማታ እግሯን የምትዘፈዝፍበትን ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋ አመጣችና በየስልኩ ጀርባ ፕላስተር ለጥፋ ስማቸውን እየጻፈች ደረደረቻቸው፦ ቶላ፣ ሙላው፣ ቦንሳ… ቀትር ላይ ስልኮቹ ግለው መጥፋት ሲጀምሩ ያላትን አንዲት ቬንትሌተር ወደ ሳፋው አዞረችና ራሷን በካርቶን ቁራጭ ማራገብ ያዘች።

ያን ቀን ከአቶ ጀንበሬ ቢሮ ታላቅ ደስታ ተሰማ። መቶ በመቶ! ከሠላሳ ስምንት ሠላሳ ስምንት! ፀጋው ግን ቁጥሩን አላመነም። ሹፌሮቹ ሁሉ በየሠላሳ ደቂቃው፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ እንደ ሰልፍ ጦር ተራ በተራ «አለሁ» ይላሉ። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ደግሞ ሠላሳ ስምንት ሆኖ በአንድ ሰዓት የትም ደርሶ አያውቅም። ሚኒባስ ይዞ ወደ ግቢው መጣና በቆርቆሮው በር አንገቱን አስገባ።

«እትዬ… ይሄ ምንድን ነው?»

«ሹፌሮቹ ናቸው» አለች ሳትስቅ።

ከማለቷ ሳፋው ጮኸ፤ እሷ የሞላችው የሠላሳ ስምንቱም ስልክ ደወል አንድ ላይ። ተናኘወርቅ እጅጌዋን ሰብስባ በሁለት አውራ ጣቶቿ፣ ምስር እንደሚለቅም ሰው፣ ከዳር እስከ ዳር ነካ ነካ አደረገቻቸው። ጸጥ አሉ። ፀጋው ሳቀ፤ ብዙ ሳቀ፤ ከዚያ የሚያስቀው ነገር አለቀበት።

«እንግዲህ ቁልፉን የተጫነ ማንም የለም ማለት ነዋ።»

«እኔ ተጭኛለሁ። እኔ ማንም አይደለሁም?»

«እንደሱ ማለቴ አይደለም። እርስዎ እኮ… ይሄ ቁጥር ምን እንደሚያደርግብዎ…»

«አውቃለሁ። ይልቅ ያየኸውን ጻፍ። ሥራህ መጻፍ አይደል? ሠላሳ ደቂቃው እንደማይሠራ ጻፍ። የሚሠራው ምን እንደሆነም ጻፍ።»

ፀጋው ጻፈ። ሳፋውን በፎቶ አነሳ፤ ደቂቃዎቹን ሠንጠረዥ አደረገ፤ ከሥሩም «ሲስተሙ ያለ ተራ አስከባሪዋ ለሠላሳ ደቂቃ እንኳ አይቆምም» የሚል ዓረፍተ ነገር አሰፈረ። ደፋር ዓረፍተ ነገር ነበር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ግን ትከሻው ወድቋል።

«ምን አለ?» አለችው።

«አነበበውና እጄን ጨበጠኝ።»

«እሰይ!»

«‹ሹፌሮቹ ቁልፉን ለመጫን ወኪል እስከ ማቆም ደርሰዋል፣ ይህን ያህል የተወደደ ቁልፍ የትም አገር የለም› አለኝ። ያቺን ዓረፍተ ነገር አወጣትና በእሷ ቦታ ‹ከፍተኛ የተጠቃሚ ተሳትፎ› ብሎ ጻፈ። ሦስት ጊዜ ነገርኩት፣ እትዬ። እናቴ ትሙት!»

«አራተኛውን ነገ እንግዶቹ ፊት ትነግረዋለህ።»

ፀጋው የጫማውን አቧራ አየ። «ነገ ስምንት ሰዓት ላይ በረራ አለኝ» አለ፤ እንግዶቹ የሚመጡት ከጠዋቱ አራት ሰዓት እንደሆነ ሁለቱም እያወቁ።

ሐሙስ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ተደረደረ፤ የበር ቁመት ያለው ስክሪን ቆመ። በስክሪኑ ላይ ሠላሳ ስምንት አረንጓዴ ነጥቦች ያበራሉ። አራት ሰዓት ሲሆን ተናኘወርቅ ሳፋውን ነካ ነካ አደረገችና ወደ ድንኳኑ ሄደች። አቶ ጀንበሬ፣ ኮቱን እንደለበሰ፣ ግንባሩን እየጠረገ ስለማያንቀላፋው ሲስተም ይናገራል።

«አቶ ጀንበሬ፣ ስለ ስልኮቹ አንድ ቃል…»

«ይመጣል፣ ይመጣል» አላት በሹክሹክታ፤ ወዲያውም ድምፁን ከፍ አድርጎ፦ «እነሆ! ለአሥራ አንድ ዓመት በደብተርና በዱላ የደከሙት እናታችን! ከዛሬ ጀምሮ እረፍት ይገባቸዋል!»

ተጨበጨበ። በመስተዋት ፍሬም የተደረገ የምስጋና ወረቀት ሰጣት። ፎቶ ተነሱ። ደግማ ስለ ስልኮቹ ልትናገር ስትል ከእንግዶቹ አንዱ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ ትልቅ ሰው፣ ቀድሟት ጠየቀ፦

«ሹፌሮቹ ግን የት ናቸው?»

አቶ ጀንበሬ ወደ ስክሪኑ ጠቆመ። «እነዚያ፣ አረንጓዴዎቹ።»

ሰውየው መነጽሩን አስተካክሎ አያቸውና በደስታ ራሱን ነቀነቀ። ተናኘወርቅ ፀጋውን ፈለገችው፤ ከስክሪኑ ጀርባ ሽቦ እያስተካከለ ነበር። ሽቦው ምንም አልሆነም።

አራት ሰዓት ከአሥር። ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ቬንትሌተሯን አጠፋች፤ የምስጋናውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው፤ ሳፋውን በወገቧ አቅፋ ወደ መኪኖቹ ረድፍ ወጣች። ሹፌሮቹ ከየተሳቢያቸው ሥር በእንቅልፍ ወድቀዋል። ከየራስጌያቸው ነጠላ ጫማዎቻቸው ተቀምጠዋል። የፕላስተሩን ስም እያነበበች የእያንዳንዱን ስልክ በገዛ ጫማው ውስጥ አኖረች። ሙላው። ቦንሳ። ሌላውም፣ ሌላውም።

ቶላ ጋ ስትደርስ ሳፋው ውስጥ የቀረው አንድ ስልክ ነበር። እሱን ጫማው ላይ አስቀመጠች፤ ከሥሩ ደግሞ ደብተሯን። ሳምንቱን ሙሉ በልማድ ስትጽፍ ከርማለች፤ የሠላሳ ስምንቱም ተራ፣ የገቡበት ቀንና ሰዓት ሳይቀር፣ እዚያ አለ። ዱላዋን ከጎማው ጋር አስደገፈችው። እንዲህ ስታደርግ እጇ ለመምታት ከፍ ብሎ ነበር፤ መለሰችው። ጥሪ አልመጣም፤ ያለ ጥሪ ጎማ መትታ አታውቅም።

በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ከስክሪኑ ፊት የተቀመጠውን ሕዝብ ለማየት በእግሩ ጣቶች ቆሟል። በጎኑ አለፈች። አስፋልቱ ዳር ስትደርስ ከቀጠናው በኩል የመጣ ሚኒባስ ቆመላት፤ ባዶውን ሳፋ ጉልበቷ ላይ አድርጋ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ከድንኳኑ ውስጥ እየተጨበጨበ ነበር። የሚኒባሱ ሰዓት አራት ከሃያ ስምንት ይላል፤ ሚኒባሱ ወደ ከተማ ተነሳ።