የጎሬ ስልክ ቤት

ቅጹ ላይ ሁለት መስመር ነበረ፤ አንዱ ለራስ፣ አንዱ ለጓደኛ። ዲሪቤ በመጀመሪያው ላይ ስሟን ጻፈችና እስክሪብቶውን እንደያዘች ቆመች።

«ሁለተኛው ሰው ማን ይባላል፣ እትዬ?» አላት ፋኦል።

ፋኦል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ከጓደኞቹ ጋር «ፈለግ» የሚባል ክበብ አቋቁመው፣ በመቱና በጎሬ የታሪክ ቦታዎች አራት ቆርቆሮ ደብቀው ነበር። ተወዳዳሪው ስልኩ የሚያሳየውን አቅጣጫ እየተከተለ ቆርቆሮውን ያገኛል፤ ውስጡ ያለው ደብተር ላይ ይፈርማል፤ ወደሚቀጥለው የሚመራውን ወረቀት አንስቶ ይሄዳል። ጨዋታው ይኸው ነው።

«ሰው አላገኘሁም። ብቻዬን ብሆንስ?»

«ደንቡ ሁለት ሁለት ነው የሚለው።» ከኋላዋ የተሰለፉትን ልጆች አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግድ የለም፤ ሰረዝ አደርግበታለሁ።»

ሰረዝ አደረገበት። ዲሪቤ አመስግናው ወጣች፤ ያቺ ሰረዝ ግን ቤቷ እስክትደርስ ከዓይኗ አልጠፋችም።

ሰው ሳትፈልግ ቀርታ አይደለም። ጎረቤቷን ሸዋርካብሽን ጠይቃት፣ «ሱቁን ለማን ጥዬ?» ብላታለች። አብራት የምትዘምረው ዋሪቱ ጉልበቷን አሳየቻት። ነቀምት ሥራ የያዘችው የእህቷ ልጅ ኢብሴ ደግሞ በስልክ ሳቀች። «አክስቴ፣ ይሄ እኮ የልጆች ጨዋታ ነው። ምን አስገባሽ?»

ምን እንዳስገባት ለኢብሴ ማስረዳት አልቻለችም። ስድሳ ሞልቷት ከቴሌ ጡረታ ከወጣች አሥር ወሯ ነው። አግብታ አታውቅም። ኢብሴን አሳድጋ ከሸኘች በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሷና ኢብሴ የተወችላት ስልክ ናቸው። ጠዋት ግቢዋን ትጠርጋለች፣ ጎመኗን ታጠጣለች፤ ከዚያ ቀኑ አልመሽ ይላታል። እስከ ማታ የገዛ ድምፅዋን ሳትሰማ የምትውልበት ቀን አለ። ማስታወቂያው ላይ «የጎሬን ታሪክ ፈልጋችሁ አግኙ» የሚለውን ስታነብ፣ «ጎሬንማ አውቀዋለሁ» አለች፤ ጮክ ብላ እንደተናገረች የገባት ዘግይቶ ነው።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ውድድሩ መቱ ላይ ተጀመረ። አሥራ ሦስት ጥንዶችና ዲሪቤ ነበሩ። የመጀመሪያው ቆርቆሮ ከአሮጌው ገበያ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ነበር። ልጆቹ እየተጯጯሁ ሮጡ። እሷ ስትደርስ ሁሉም ፈርመው ወደ መናኸሪያ ሄደዋል። አረንጓዴ የተቀባውን የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ከሥሩ መካከል አውጥታ ፈረመች፤ ከነበረበት መለሰችው። ብቻዋን በባጃጅ መናኸሪያ ሄደች፣ ብቻዋን ጎሬ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈረች።

ጎሬ ላይ ሁለተኛውን ቆርቆሮ፣ ድሮ የውጭ ነጋዴዎች ይነግዱበት ከነበረ የድንጋይ ቤት ደረጃ ሥር አገኘችው። ሦስተኛው ኮረብታው ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን አጥር ውጪ ነበር። እዚያ ስትደርስ ሳያት የምትባል ተማሪ ከጓደኛዋ ጋር ተቃቅፋ ቆማ፣ ፎቶ እንድታነሳቸው ለመነቻት። ዲሪቤ ሦስት ጊዜ አነሳቻቸው።

«ገለቶማ!» ብላ አመሰገነቻት ሳያት ስልኳን ተቀብላ። «የእርስዎስ ጓደኛ የት ሄደ?»

«ቀድሞኛል» አለች ዲሪቤ።

ለምን እንደዋሸች አላወቀችም። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ የመጨረሻውን ወረቀት ገለጠችው። ይኼኛው እንደ ሌሎቹ ስልክ ላይ የሚገባ የአቅጣጫ ቁጥር የለውም። እንዲህ ብቻ ይላል፦ «ጎሬ ከሩቅ አገር ሰው ጋር መጀመሪያ በስልክ ያወራችበት ቤት። ከጓሮው ግድግዳ ሥር ፈልጉ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ያንን ቤት ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ጎሬ ውስጥ አልነበረም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታበታለች።

ቁልቁለቱን ወርዳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባህር ዛፍ መካከል ወዳለው ባለ በረንዳ የእንጨት ቤት ሄደች። ጣሪያው ዝጓል። በሩ ላይ ባልዲና ጄሪካን ተደርድሯል። ወደ ጓሮ ዞራ ከግድግዳው ሥር ሣሩን በእጇ ፈለገችው። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሳች። ቆርቆሮ የለም። ልጆቹ ከእሷ ቀድመው ወስደውት ይሆን ብላ ሣሩን ደግማ አየችው፤ የሰው ዱካ አልነበረበትም። እንግዲህ እኔ ነኝ የቀደምኩት አለች በልቧ። ይመጣሉ።

ዝናብ ጀመረ።

«እማማ፣ ከዝናቡ ይግቡ» አለ አንድ ሰው ከበረንዳው። ሙሐዲን ይባላል፤ ከስልጤ መጥቶ ጎሬ ላይ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ቤቱን ለዕቃ ማስቀመጫ ተከራይቶታል። ምን እንደምትፈልግ ሲጠይቃት ነገረችው። «እዚህ ማንም የደበቀ ሰው አላየሁም» አለና የተገለበጠ ባልዲ ላይ ጨርቅ አንጥፎ አስቀመጣት።

ውስጡ ጨለም ያለ ነው። ዓይኗ ሲለምድ ግን ግድግዳው ላይ አምስት ቀዳዳዎች አየች፤ ገመዶቹ የሚገቡባቸው ነበሩ። መስመር የምታገናኝበት የስልክ ማዞሪያ ከዚያ ሥር ነበር የቆመው።

«እዚህ ሠርቻለሁ» አለችው። «ያኔ ስልክ እንዲህ በየሰው ኪስ አልነበረም። ሰው መጥቶ ያስመዘግብና አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። እኔ ለመቱ፣ ለቡሬ፣ ለጋምቤላ እየደወልኩ አገናኛለሁ። ለቅሶም፣ ሰርግም፣ የቡና ዋጋም በእኔ በኩል ነው ያለፈው።»

«ሁሉንም ይሰሙ ነበር ማለት ነው?»

«መስማት ክልክል ነው።» ፈገግ አለች። «ግን ጆሮ በር የለውም።»

ሙሐዲን ሳቀ። ደንበኛ ጠርቶት ወጣ። እሷ ያልነገረችውን ብቻዋን ማሰብ ቀጠለች።

በሰማንያ ስድስት የቡሬ ማዞሪያ ላይ አዲስ ሠራተኛ መጣ፤ ጸጋአብ ይባላል፤ የዱራሜ ሰው ነው። በየጠዋቱ መስመሩ መሥራቱን ለመሞከር ይደዋወላሉ። መጀመሪያ «ይሰማል?» «ይሰማል» ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ሰው ሁሉ ማውራት ጀመሩ። የኢብሴ እናት ስትሞት፣ ሌላው ሰው በር አንኳኩቶ ሲያጽናናት እሱ በመስመሩ ላይ ዝም ብሎ አብሯት ቆየ። ያንን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ሚስት ነበረችው፤ ስሟን እያነሳ ያወራላት ነበር፤ ዲሪቤም ከጨዋታቸው ሌላ ነገር አልፈለገችም፤ ወይም እንደማትፈልግ ለራሷ ትነግር ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ፊቱን አላየችም። ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ቡሬ ሩቅ ሆኖ አይደለም። በዘጠና ሰባት ያለ አገናኝ የሚሠራ አውቶማቲክ ስልክ ሲገባ ማዞሪያዎቹ በአንድ ሳምንት ተነቀሉ። እሷን መቱ የስልክ ሂሳብ ክፍል መደቧት። የመጨረሻው ቀን ጠዋት «እደውላለሁ» አለች። ወደ የት እንደምትደውል ግን አልጠየቀችም፤ እሱም አልነገራት።

ዝናቡ አባራ። ሰዓቷን አየች፤ ዘጠኝ ሆኗል። ማንም አልመጣም። ወጥታ ጓሮውን ለሦስተኛ ጊዜ ፈለገችው።

ስልኳ ጠራ። ፋኦል ነበር።

«እትዬ ዲሪቤ፣ የት ነዎት? ሁሉም ጨርሰዋል፣ ሽልማቱም ተሰጥቷል። እርስዎን ብቻ ነው የምንጠብቀው።»

«ቤቱ ጋ ነኝ። ቆርቆሮው የለም።»

«የቴሌው ማማ ጋ? እኔ እዚያው ቆሜያለሁ፣ አላየሁዎትም።»

ያኔ ገባት። «የት እንዳለሁ ልንገርህና ና» አለችው።

በባጃጅ መጣ። የመጨረሻውን ቆርቆሮ በብብቱ ይዞታል። ቤቱን ቀና ብሎ አየው፤ ባልዲዎቹን አየ፤ እሷን አየ።

«ስልክ ቤቱ ይህ ነው» አለችው። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼበታለሁ። ማማው ያለበት ግቢ የተሠራው በዘጠና ሰባት ነው። ወረቀታችሁ ‹መጀመሪያ› ይላል።»

ፋኦል በረንዳው ላይ ተቀመጠ። «እኛ ሰው ጠይቀን ነበር» አለ። «የጠየቅናቸው ሁሉ ማማውን ነው ያሳዩን።» ቆይቶ ደግሞ፣ «ይቅርታ። እርስዎ ቅጹን ሲሞሉ ድሮ ምን ሥራ ይሠሩ እንደነበር እንኳ አልጠየቅኩም።»

«አትቆጭ። ልጆቹ ተደስተዋል?»

«ተደስተዋል።» ቆርቆሮውን ከፍቶ ደብተሩን ዘረጋላት። «ይፈርሙ። ቦታውን ያገኙት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ዲሪቤ ራሷን ነቀነቀች። «ደብተሩ እዚህ አልነበረም። ሳላገኘው አልፈርምም።»

ስለ ቤቱ እንድትነግረው ጠየቃት። ስለ ማዞሪያው ጀመረችለት፤ ከደቂቃ በኋላ ግን ስልኩ ጮኸ፤ ልጆቹ ሚኒባሱን ሞልተው እየጠበቁት ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜ የድምፅ መቅጃ ይዞ ቤቷ እንደሚመጣ ቃል ገብቶ፣ እሷንም እስከ መቱ ይዟት ሄደ። ከኋላ ተማሪዎቹ ይዘፍናሉ። ያሸነፉት የተሸለሙትን ቲሸርት በልብሳቸው ላይ ደርበውታል። እሷ ከፊት ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጣ መንገዱን ታይ ነበር።

ቅዳሜ ቤቷን አሰናድታ፣ ዳቦ ጋግራ ጠበቀችው። ስድስት ሰዓት ላይ መልእክት ላከ፤ ፈተና ደርሶበታል፣ ለሌላ ጊዜ ይሁን ይላል። አላዘነችበትም። ግን ለመናገር ተዘጋጅታ ነበርና ወሬው አፏ ላይ ቀረ። ዳቦውን ግማሽ ለሸዋርካብሽ ላከች።

ማክሰኞ ጠዋት ተነስታ ቡሬ ሄደች።

ስልክ ቤቱን ስትጠይቅ ሁሉም ማማውን አሳዩአት። «የድሮውን ነው» እያለች አለፈች። በመጨረሻ መክብብ የሚባል አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ፣ ከመኪናው ቀና ሳይል፣ «የጸጋአብን ቤት ነው የምትፈልጊው?» አላት።

ዲሪቤ ጠጋ አለችው። «አሉ?» አለች።

«ሚስቱ ስትሞት ልጁ መጥታ ዱራሜ ወሰደችው። አምስት ዓመት ይሆናል። ቤቱም ፈርሷል፤ ያውልሽ ቦታው።» በመርፌው ወደ አንድ የበቆሎ ማሳ ጠቆመ። «ዘመዱ ነሽ?»

«የሥራ ጓደኛ ነኝ።»

ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ አያት። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ፣ የደንበኞች ልኬት ከሚጽፍበት ደብተር ጀርባ የልጅቷን ቁጥር አወጣላት።

መናኸሪያው ጥግ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆማ ደወለች። ያነሳችው ሴት ዳናዊት ነኝ አለች። ዲሪቤ ማን እንደሆነችና ከየት እንደደወለች ነገረቻት፤ ከአባቷ ጋር ልታገናኛትም ለመነቻት።

«አባባ አይሰማም እኮ» አለች ዳናዊት። «ጆሮው ከደነቆረ ሦስት ዓመቱ ነው። የምንግባባው በጽሑፍ ነው። ቆይ ስምዎትን ልጻፍለት።»

የወረቀት ድምፅ ተሰማ። ከዚያ መስማት የተሳነው ሰው እንደሚናገረው ጮክ ያለ የሽማግሌ ድምፅ መጣ፤ ቢሆንም አወቀችው፤ የቃል አጣጣሉ ያው ነበር።

«ዲሪቤ? የጎሬዋ ዲሪቤ? ስልኩን ስጪኝ። ዲሪቤ፣ እኔ አልሰማሽም፤ አንቺ ግን ስሚኝ። ደህና ነሽ? ያቺ ልጅ አደገች? ያለሽው ጎሬ ነው?»

«መቱ ነኝ» አለች ዲሪቤ። «አድጋለች። ነቀምት ናት።»

እሱ ይቀጥላል። ስለ ሚስቱ መሞት ነገራት። እዚያ ያለው ጠዋት ቶሎ እንደሚሞቅ ነገራት። ማዞሪያውን የነቀሉ ቀን ቤቱ ገብቶ ለሁለት ቀን ከሰው ጋር እንዳልተነጋገረ ነገራት። እሷ ለእያንዳንዱ መለሰች፤ መልሷ የትም እንደማይደርስ እያወቀች መለሰች። ረዳቱ «መቱ፣ አንድ ሰው! መቱ!» እያለ ይጣራል። በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ ሌላ ሰው ጫነና ሚኒባሱ ሄደ።

ፋኦል ክረምት ሲገባ ቆርቆሮውን ወደ ሙሐዲን ጓሮ አዛወረው፤ ይህንንም በመልእክት ነገራት። ለቀረጻ ግን አልመጣም፤ ትምህርቱን ጨርሶ አዳማ ሥራ እንዳገኘ በኋላ ሰማች።

ዲሪቤ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዱራሜ ትደውላለች። ዳናዊት ጊዜ ካላት፣ ዲሪቤ ከምትለው ሁለት ሦስቱን ነገር ለአባቷ ትጽፍለታለች፤ ከሌላት ስልኩን ሰጥታው ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ያኔ ጸጋአብ ብቻውን ያወራል፣ ዲሪቤ በሩን ዘግታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች።