ጋሽ መላጊያ ለሹፌር ጥብቅና ሲቆም

ጋሽ መላጊያ ሹፌር አይወድም። አይወድም ስላችሁ ነገሩን በሆዱ ይዞ የሚዞር ሰው እንዳይመስላችሁ። ጠዋት የእንጨት ሥራ ቤቱን በር ከፍቶ፣ ካፖርቱን እንኳ ሳይሰቅል ነው የሚጀምረው። ሹፌር ቀጠሮ አያውቅም፣ ሹፌር ለጎማው እንጂ ለሰው ዕቃ አይጨነቅም፣ ሹፌር ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው፣ ልቡም እንደዚያው። ሰው ሰማው አልሰማው ግድ የለውም፤ ሁሉንም ተናግሮ ሲወጣለት ቅጽል ስሙን ያወጣለትን የእንጨት መላጊያውን አንስቶ ወደ ሥራው ይገባል።

ታዲያ ይኸው ሰው፣ ዕቃ ለደንበኛ በሚላክበት ቀን፣ ከሁሉ ቀድሞ ጋቢና ገብቶ ከእንጨት ቤቱ ሹፌር ጎን ቁጭ ይላል። አብሮ መሄድ ግዴታው አይደለም፤ ጫኝና አውራጆቹ ይበቃሉ። እሱ ግን ይሄዳል፣ ያውም የሁለት ሰው ምሳ ቋጥሮ። ለምን ሲሉት፣ ሹፌሩ ርቦት ዓይኑ ቢጨልምበት ቁም ሳጥኔን ይዞ ገደል ይገባል ይላል። ከተረፈ ቁራጭ እንጨት የምታምር የመነጽር ሳጥን ሠርቶ ጋቢናው ውስጥ በገዛ እጁ ገጥሞለታል። እሷንም ቢጠይቁት ያው ነው፤ መነጽሩን አጥቶ ግንብ እንዳይገጭብኝ ነው ይላል። አልፎ ተርፎ የመኖሪያ ቤቱን ትርፍ ቁልፍ ያስቀመጠው ሹፌሩ ዘንድ ነው። የድሮ ጓደኛው ቀለም ቀቢው አንድ ቀን አላስችል ብሎት፣ ለማይታመን ሰው ቁልፍ ይሰጣል ወይ ብሎ ጠየቀው። ጋሽ መላጊያ እንጨት ማለስለሱን ሳያቋርጥ፣ ሌላ ሰው ስለሌለ ነዋ አለው። ሌላ ሰውማ ነበር፤ ቀለም ቀቢው ራሱ ከጋሽ መላጊያ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖር ጎረቤት ነው።

ይህ ሁሉ ጥላቻ ከየት መጣ ብትሉ ከአንድ ቁም ሳጥን ነው። ጋሽ መላጊያ ገና ጢም ሳያበቅል፣ ሙያውን በሚማርበት ጊዜ፣ ከታች እስከ ላይ በራሱ እጅ የሠራውን የመጀመሪያውን ቁም ሳጥን አንድ ሹፌር ጫነለት። ሹፌሩ መንገድ ላይ ጓደኞቹን አገኘና ጨዋታ ያዘ፤ ቁም ሳጥኑ ሸራ ሳይለብስ ዝናብ ሲወርድበት ዋለ። እንጨቱ አበጠ፣ በሮቹ አልዘጋ አሉ፣ አለቃውም እሱን በሰው ፊት ሙልጭ አድርጎ ሰደበው። ያ ሹፌር ዛሬ ይኑር ይሙት የሚያውቅ የለም። ቂሙ ግን ከዚያ ወዲህ መሪ ለጨበጠ ሁሉ ተረፈ። ሹፌር ካረፈደ ጋሽ መላጊያ፣ አላልኳችሁም ይላል። በሰዓቱ ከመጣ ደግሞ ዛሬ ምን ነክቶት ነው ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይረታዋል?

እንጨት ቤቱ የጥቂት ባለሙያዎች የጋራ ንብረት ነው፤ አንድ የቆየ ደንብም አለው። ቤቱን ያቋቋሙት ሽማግሌ ጭቅጭቅ ሲያንገሸግሻቸው ያወጡት ነው። ሁለት ሰዎች ካልተስማሙ፣ ነገሩ ከመወሰኑ በፊት፣ እያንዳንዱ ብድግ ብሎ የባላጋራውን ሐሳብ የራሱ አስመስሎ ይከራከርለታል። መገልበጥ ይሉታል። ለይምሰል የተናገረ ወይም ያላገጠ ሰው ሳምንቱን ሙሉ መጋዝ የተፋውን ሰጋቱራ ሲጠርግና ሲያስነጥስ ይከርማል። ለምሳሌ ጋሽ መላጊያ አንድ ሰሞን ሬዲዮ እዚህ ቤት አይከፈትም ብሎ ቡራ ከረዩ ብሎ ነበር። ገልብጥ ተባለና ስለ ሬዲዮ ጥቅም ቆሞ ተናገረ። ምላሱ የተባረከ ነውና አሳምሮ ተናገረ፣ አሳምሮም ራሱን አሳመነ፤ ዛሬ ሬዲዮኑ ከተዘጋ ምስማር አይመታም። ደንቡን ከማንም በላይ የሚወደውም እሱ ነው፤ መናገር ይወዳላ።

እዚያው እንጨት ቤት ሶፋ የምታለብሰው ታናሽ እህቱ ናት። ሚስቱ የሞተችበት ጊዜ ለአንድ ወር ብላ ልታስተዛዝነው መጥታ እዚያው ቀረች፤ ከዚያ ወዲህ በአንድ ቤት እየኖሩ በአንድ እንጨት ቤት ይሠራሉ። ሳቋ ከስፌት መኪናዋ ድምፅ በላይ የሚሰማ፣ ቁም ነገረኛ ሴት ናት። እሷ ናት እንግዲህ አንድ ጠዋት፣ እሱ ጎንበስ ብሎ መሳቢያ ሲገጥም፣ ሹፌሩ እንጋባ እንዳላትና እሷም እሺ ልትለው እንደምትፈልግ የነገረችው። መዶሻው ምስማሩን ስቶ አውራ ጣቱ ላይ አረፈ።

አይሆንም አላት። ጣቱን እየጠባ፣ ለሹፌር የሚሰጥ እህት የለኝም አለ። እሷ ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች ቆይታለች፤ ማንንም ሳታስፈቅድ ሻንጣዋን አንስታ መሄድ ትችላለች። ግን አልተቆጣችም። ሹፌሩ እስከ እሑድ መልስ እንደሚጠብቅ፣ ወንድሟ ልቡ ሳይፈቅድ ግን ከዚያ ቤት እንደማትወጣ፣ እምቢ ካለም ሹፌሩን ጋብቻው ይቅርብን እንደምትለው ቀስ ብላ ነገረችው። ይህችን እህቱን ያውቃታል፤ ያለችውን ታደርጋለች። ነገሩ ሁሉ በእሱ አንዲት ቃል ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ይስቃል። ጋሽ መላጊያ ሹፌሩን አኮረፈ። አኩርፎም ዕቃ ማድረሱን ግን አልተወም። ጋቢና አልገባም ብሎ ከኋላ፣ ከጭነቱ መሀል፣ ለደንበኛ በሚሄደው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ይሄድ ጀመር። አንድ እጁ ገመዱን ጨብጦ፣ ፊቱን እንደ ዳኛ አጥቁሮ፣ በየመንገዱ ሰው ሰላም ሲለው በጭንቅላቱ አጸፋ እየሰጠ አደባባዩን ይዞራል። ሹፌሩ ደግሞ ሰውዬው እንዳይንገጫገጭበት ብሎ መኪናዋን በእግረኛ ፍጥነት ያስኬዳታል። ይህን ማድረጉ ጋሽ መላጊያን ይበልጥ አንገበገበው። አፍጥኖ ቢነዳ ኖሮ እብድ ነው ይለው ነበር፤ አሁን ምን ይበለው?

በእንጨት ቤቱ ውስጥ ግን ሳቅ ጠፋ። እህቱ አንገቷን ደፍታ ትሰፋለች፤ ቤት ሲገቡም እራት በዝምታ ይበላል። ጋሽ መላጊያ ስለ ሹፌር ሊጀምር አፉን ይከፍትና ፊቷን አይቶ መልሶ ይዘጋል። ቃሉን ማጠፍ ግን የሞት ሞት ሆነበት።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሥራ አበቃና ከቀለም ቀቢው በቀር ሌሎቹ ወደየቤታቸው ሄዱ። ሹፌሩ ውጭ ግቢው ውስጥ መኪናውን ያጥባል። ጋሽ መላጊያ ካፖርቱን ሊለብስ ሲል እህቱ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በደንባችን ይሁን፣ እንገልብጥ አለችው። እሱ የቤት ጉዳይ እዚህ አይገባም ብሎ ለማምለጥ ሞከረ። ሹፌሩም የዚህ ቤት፣ እኔም የዚህ ቤት፣ አንተም የዚህ ቤት ነን፣ ታዲያ የማን ጉዳይ ነው አለችው። ቀለም ቀቢው ይህን ሲሰማ፣ ሊወጣ የነበረው ሰውዬ፣ የቫርኒሽ ቆርቆሮ ጎትቶ ቁጭ አለ። ዳኛ ተገኘ።

ጋሽ መላጊያ በማላገጥ ጀመረ። ሹፌር ጥሩ ሰው ነው፣ ጥሩምባ መንፋት ይችላል አለ። ቀለም ቀቢው ጥግ ወደቆመው መጥረጊያ በአገጩ ጠቆመው። ጋሽ መላጊያ ጉሮሮውን ጠረገና እንደገና ተነሣ።

ይሄ ሹፌር፣ አለ፣ ባለፈው ክረምት ያ ዶፍ የወረደ ቀን ሸራው ለአልጋው ራስጌ ሲያጥር የገዛ ካፖርቱን አውልቆ አለበሰው፤ እሱ በሸሚዙ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። ይህን ሲናገር ራሱ ትንሽ ደነገጠ። እንዲህ ያለ ሰው ዕቃዬን ንቆብኛል ሊባል ነው? ቀጠለ። ወገቤ ተይዞ የተኛሁ ጊዜ ሐኪም ቤት ያደረሰኝ ማን ነው? በሰው ከተጨናነቀው አግዳሚ ላይ ቦታ ይዞልኝ፣ እሱ ቆሞ፣ ወረፋዬ እስኪደርስ የጠበቀኝ ማን ነው? በዚያ ቀን ሌላ ቦታ ሥራ ነበረው፤ ትቶት ነው። ደግሞም ባለፈው የአሮጊቷን ኮመዲኖ ስናደርስ ደረጃው ጠባብ ነው ብለው ጫኞቹ ሲያጉረመርሙ፣ ብቻውን ጀርባው ላይ አድርጎ ያወጣላት እሱ አይደለም እንዴ? አረፈደ ይላሉ፤ እስቲ ያረፈደበትን ቀን ንገሩኝ! ጋሽ መላጊያ ድምፁ ከፍ እያለ ሄደ። ማንም ሳይቃወመው ተቃወሙኝ ብሎ ይቆጣ ጀመር። በዚህ ሰው ላይ ክፉ የሚናገር ካለ ይምጣና ፊት ለፊቴ ይናገር፣ የገዛ እህቴን ቢጠይቀኝ እንኳ...

እዚህ ላይ ዞር ብሎ እህቱን አያት። ቀለም ቀቢው ወደ ጣሪያው ማየት ጀመረ፤ ሳቁን የሚውጥበት ሌላ መንገድ አላገኘም።

አሁን የእህቱ ተራ ሆነ። እሷ ደግሞ ጋብቻው አይሆንም ብላ መከራከር አለባት። ሹፌር ቀጠሮ አያውቅም ብላ ጀመረች፤ ድምፅዋ ግን ሕይወት የለውም። ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው አለች፤ የወንድሟን ቃል በቃል ደገመችው። ቀለም ቀቢው ራሱን ነቀነቀና እያዘነ መጥረጊያውን አሳያት። ከልብሽ ተናገሪ ማለቱ ነው።

ከዚያ ወንድሟን ሳይሆን እጆቿን እያየች ተናገረች።

"ይህ ጋብቻ መሆን የለበትም። ምክንያቱም ወንድሜ ማታ ከሥራ ሲመለስ ቤት ውስጥ ሰው አይኖርም። ሻይ ማፍላት ያውቃል፣ እራትም ይሠራል፣ ለዚያ አይደለም። የሚነዘንዘው ሰው አይኖረውም። ስለ ሹፌር ለማን ያወራል? ለግድግዳው? ሚስቱ የሞተች ጊዜ ስገባ በጨለማ ተቀምጦ ነው ያገኘሁት፤ መብራት ማብራት ረስቶ። እንደገና እንደዚያ ተቀምጦ ከሚመሽበት እኔ ብቀር ይሻላል።"

ውጭ ሹፌሩ ባልዲ ሲደፋ ይሰማል። ቀለም ቀቢው መጥረጊያውን ረሳው፤ የሚያየው ጣሪያም አጣ። ጋሽ መላጊያ ካፖርቱን አንድ እጅጌ ብቻ አጥልቆ እንደቆመ ቀረ።

"አሸነፍሽ" አላት በመጨረሻ። "ሹፌሩን አይደለም የፈራሁት። ያንን ቤት ነው። ሰበብ ሳጣ ጊዜ ሰውየውን ሹፌር ብዬ ሰደብኩት።"

እህቱ አቅፋው አለቀሰች። እሱም አለቀሰ፣ ሰጋቱራው ነው እያለ። ሰጋቱራው ከተጠረገ ሰዓት አልፎታል፣ ግን ማንም አልተከራከረውም። ከዚያ ካፖርቱ በአንድ እጅጌው እንደተንጠለጠለ ወደ ግቢው ወጣ።

ሹፌሩ ሲያየው ጨርቁን ጣለና ቀጥ ብሎ ቆመ። ከእጁ ውኃ ይንጠባጠባል። ከሰሞኑ ኩርፊያ በኋላ ምን ሊመጣበት እንደሆነ አያውቅም፤ ለዱላም ቢሆን የተዘጋጀ ይመስል ነበር። ጋሽ መላጊያ ቀጥ ብሎ ሄዶ እርጥብ እጁን ያዘውና ሳይለቀው ነገሩን ነገረው፤ መልሱ እሺ እንደሆነ፣ ቤት ሲፈልጉ በእግር ከሚደረስበት እንዳይርቅ፣ እህቱን አንድ ቀን ቢያስከፋት መላጊያው ገና ስለት እንዳለው። ሹፌሩ ሁሉንም እሺ፣ እሺ፣ እሺ አለ። የሰማውን ለማመን ጊዜ ፈጀበት። ሲያምን ግን ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆነ፤ ከዚያም ድፍረት አገኘና በፈገግታ ጠየቀ።

"ታዲያ ጋሼ፣ ከእንግዲህ ሹፌር ይታመናል ማለት ነው?"

"ሹፌር?" አለ ጋሽ መላጊያ። "አይታመንም። ሹፌር ያው ሹፌር ነው፤ ስለ እሱ ማታ በሰፊው እነግርሃለሁ።" እጁን አሁንም አልለቀቀውም። ድምፁ ግን ዝቅ አለ። "አንተ ብቻ ለእራት እንዳታረፍድብኝ። ከእንግዲህ ብቻዬን መብላት አልችልም።"