የአይኖ ስም ትርጉም

ጽጌረዳን ገረሴ ላይ ያዋለደቻት ሲስተር አይኖ የምትባል የፊንላንድ ነርስ ነበረች። የጽጌረዳ ባል ኤርጫፎ ደስ ብሎት ለልጁ የነርሷን ስም አወጣላት። ከዚያ ወዲህ ግን ሌላ ልጅ አልተወለደም።

ከዓመታት በኋላ ሲስተር አይኖ ወደ አገሯ ልትመለስ ስትሰናበታቸው፣ ኤርጫፎ የስሙን ትርጉም ጠየቃት።

«የቆየ የአገራችን ስም ነው፤ አንዲቷ ብቻ ማለት ነው» አለች በፈገግታ።

ነርሷ እንደሄደች የኤርጫፎ እናት ወደ ምራታቸው ዞሩ። «ለካ ማህፀንሽ የተዘጋው ያ ስም የወጣ ዕለት ነው።»

«እማማ፣ ስሙን ያወጣው እሱ አይደል?»

«የተዘጋው ማህፀንስ የማን ነው?»

ኤርጫፎ በሳምንቱ ከካምባ ሌላ ሚስት አመጣ። ጽጌረዳ የልጇን እጅ ይዛ ልትወጣ ስትል አማቷ በሩ ላይ አስለቀቋት።

«አንቺ ሂጂ። ይቺ ለሙሽራዋ ውሃ ትቀዳለች።»