የቁልቁለቱ ሸቭሮሌት

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የጋሽ ፍቃዱ ሸቭሮሌት ከግቢያቸው ወጥታ ወደ አደባባዩ ትወርዳለች። ከወገቧ በላይ ነጭ፣ ከወገቧ በታች ውኃ ሰማያዊ ናት። የፊቷ ክሮም መስታወት ይሆናል፤ ሁለት ሦስት ወጣቶች ጸጉራቸውን ሲያበጥሩበት አይቻለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤቴ የቁልቁለቱ ወገብ ላይ ስለሆነ፣ መብራት ጠፍቶ ከነበረ ጄኔሬተሬን አጥፍቼ በር ላይ እቆማለሁ። የማጠፋው ድምጿን ለመስማት ነው። ድምፅ የላትም። ጎማዋ ኮብልስቶኑ ላይ ሲንሿሿ ይሰማል፣ ሌላ ምንም።

«የአሜሪካ ነገር እንዲህ ነው» ይላል የቦንጋ ሰው። «የጃፓን ቢሆን እስካሁን ጆሯችንን በጥሶት ነበር።»

ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ሞተሯ አይሠራም።

ጋሽ ፍቃዱ ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩ ሰው ናቸው። በተዳፋት ላይ ያለ አካል እንዴት እንደሚንሸራተት የከተማው ሠራተኛ ግማሹ ከእሳቸው ተምሯል፤ ከተማረውም ግማሹ በዚያው ጥያቄ ወድቋል። ጡረታ በወጡ በዓመቱ አንድ የገበሬ ማኅበር መጋዘኑን ሲያጸዳ «ልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ብረት፣ አንድ» ተብላ የተመዘገበች ነገር ገዙ። ብረቷ የሃምሳ ስድስት ሸቭሮሌት ሆና ተገኘች። በጃንሆይ ጊዜ የአንድ ቡና ነጋዴ ነበረች ይባላል። በደርግ ጊዜ ተወረሰች፤ ከዚያ ወዲህ ዶሮዎች ይኖሩባት ነበር። ዶሮዎቹ በቀላሉ አልለቀቁም። አንዲቷ እስከ ሁለተኛው ዓመት ድረስ የኋላ ወንበር ላይ እየመጣች ትጥል ነበር፤ እትዬ ጽጌም፣ ሚስታቸው፣ ከዚህ መኪና የተገኘ ብቸኛው ጥቅም እሱ ነው ትላለች።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ጋሽ ፍቃዱ ያልነኩት ነገር የለም። ዝገቱን በእጃቸው ፍቀው፣ በሩን አቅንተው፣ ወንበሩን አልብሰው፣ ፍሬኑን አራት ጊዜ ፈተው ገጥመዋል። ፍሬኑ ላይ ቀልድ አያውቁም፤ ለምን እንደሆነ አሁን ግልጽ ነው። እሺ ያላላቸው ሞተሩ ብቻ ነው። ፒስተኖቹ ከነቤታቸው ተጣብቀው ቀርተዋል። ጋራዥ ያለው ከሚል በየዓመቱ አንድ ምክር ይሰጣቸዋል፦ የሚኒባስ ሞተር እናስገባላትና በሦስተኛው ቀን ትነሣለች። እሳቸውም በየዓመቱ አንድ መልስ ይሰጡታል።

«የአንበሳ ደረት ውስጥ የፍየል ልብ አልከትም።»

ስለዚህ አንበሳዋ በስበት ኃይል ትሄዳለች። ታች አደባባዩ ዳር ቆማ ትውላለች፣ ሰው አብሯት ፎቶ ይነሣል፣ ጋሽ ፍቃዱ ክላክሱን ሁለት ጊዜ ያሰሙታል፤ ክላክሱ ይሠራል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ የሸቀጥ ነጋዴው ኑሪ በአይሱዙው እየጎተተ ይመልሳቸዋል። ይህንንም ከተማው ተርጉሞታል። ነዳጅ ማደያው ላይ ሰው ሁለት ሌሊት ተሰልፎ በሚያድርበት ዘመን ዳገቱን ተጎትቶ የሚወጣ ሰው ብልህ ነው፤ በዚያ ላይ ጋሽ ፍቃዱን ሰልፉ ላይ ያየ የለም። እንዴት ያለች ቆጣቢ መኪና ናት ተባለ። የትራፊክ ፖሊሱ ገብረሚካኤል አንድ ጊዜ ስለ ቦሎዋ ተጠይቆ፣ ሕጉ የሚያወራው ስለ ሞተር ተሽከርካሪ ነው ብሎ መለሰ። መልሱን ያኔ በደንብ አላጤንኩትም ነበር።

እንዲህ እንዳለን የሜሪ ሠርግ መጣ።

ሜሪ የጋሽ ፍቃዱ አንድያ ልጅ ናት። መኪናዋ በአይሱዙ ተጭና የመጣች ቀን አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ዶሮዎቹ ሳይወርዱ በፊት፣ ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ጋሽ ፍቃዱ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አድርገው ሜሪ ከዚህ ቤት የምትወጣው በዚህች መኪና ነው አሉ። በሰው ፊት የተነገረ ቃል ነው፤ መልሰው ሊውጡት አይችሉም። ችግሩ ሙሽራው ላይ ነበር። ወንድማገኝ ቢታ ገነት ወረዳ የግብርና ባለሙያ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ነገር ግን የአባቱ የጋሽ ደጉ ቤት ያለው ላይ ሰፈር፣ ከጋሽ ፍቃዱ ቤት በላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። ሙሽራዋ ወደላይ ነው የምትሄደው።

ሠርጉ ለጥር መጨረሻ ተቆረጠ። ጋሽ ፍቃዱ የቀራቸው ሦስት ወር ነበር። እትዬ ጽጌ ዳገት ላይ ፈረስ ቢቀልቡት እንደማይረዳ አስታውሳ፣ የኪራይ ላንድክሩዘር እንዲፈለግ ሐሳብ አቀረበች። እሳቸው ግን ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላምባና የካምቢዮ ዘይት ደባልቀው ጠዋትና ማታ በካንዴላዎቹ ቀዳዳ እያንጠባጠቡ ሞተሩን ያጠጡት ጀመር። ለታመመ ሰው እንኳ መድኃኒት እንዲህ በሰዓቱ አይሰጥም። ከሚልም ሥራ ሲፈታ እየመጣ በረጅም ብረት ሞተሩን ለማዞር ይታገላል። በሁለተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ብረቱ ጥቂት ሄደ። ከዚያ ሩብ ዙር። ከዚያ ሞተሩ እያቃሰተ ሙሉ ዞረ። ከሚል የሚኒባሱን ነገር ዳግመኛ አላነሣም።

ሞተሪኖው ገና ስላልተጠገነ በመጎተት ሊያስነሡት ተስማሙ። ለኑሪ ብቻ ተነገረው። እሑድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኑሪ እንደ ወትሮው ገመዱን አስሮ ጉዞ ጀመረ፤ ከሚል ጋቢና ከኑሪ ጋር ነው። ጋሽ ፍቃዱ ቤንዚን የተሞላ የውኃ ፕላስቲክ ከካርቡራተሩ በላይ አስረዋል። ማርሚታው በዝገት ስለወደቀ የጭስ መውጫው ባዶውን ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቴ ጋ ሲደርሱ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ለቀቁ።

ሸቭሮሌቷ ተነሣች።

ድምፁን ምን ብዬ ልንገራችሁ። የመደርደሪያዬ ወረቀት ረገፈ። ጠዋትና ማታ ሲንጠባጠብ የከረመው ዘይት ሁሉ ጭስ ሆኖ ወጣና መንገዱን ሞላው፤ መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ጥቁር። ቦንጋ ይህችን መኪና የሚያውቃት በዝምታዋ ነው። አሁን የሰማው ነገር አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ ጋሽ ፍቃዱ ሊቃጠሉ ነው።

ከተማው ደረሰላቸው። መኪና አጣቢዎቹ ቱቦአቸውን ጎተቱ፣ ሴቶች ጀሪካን ይዘው ወጡ፣ ቤት የሚሠሩት ግንበኞች በአካፋ አሸዋ ይዘው ሮጡ። የእኔም ባልዲ ነበረችበት። አንዱ ኮፈኑን ከፈተ፣ አምስቱ አሸዋውን አፈሰሱ። የካርቡራተሩ አፍ ክፍት ነበር። ሞተሩ አንድ ሁለት ጊዜ አስሎ ዝም አለ።

ሰው አጨበጨበ። ጋሽ ቢሻው፣ የዕድራችን ዳኛ፣ አሸዋ የያዘ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ተመስገን፣ ጠፋ አሉ። የመኪናዋ በር ተከፍቶ ጋሽ ፍቃዱ ወጡ። ጥቀርሻና ውኃ ከሽበታቸው ላይ ይወርዳል። ሁላችንም እናያቸው ነበር፤ የዳነ ሰው ምን እንደሚል ማየት ፈልገን። ኮፈኑ ውስጥ አንዴ ተመለከቱ።

«አመሰግናለሁ» አሉ። «ደረሳችሁልኝ።»

አርባ ሰከንድ ሠርታለች። በኋላ ከሚል እንደነገረኝ፣ ጋሽ ፍቃዱ እየቆጠሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሳምንታት ሁለቱ አሸዋ ሲለቅሙ ከረሙ። ሞተሩን እስከ መጨረሻው ብሎን ፈተው በላምባ አጠቡት። ከሚል ከኑሪ አሮጌ መኪና ማርሚታ ቆርጦ በየደ፤ ሞተሪኖውንም ጠግኖ አመጣ። የጠያቂው ብዛት ሥራ አላስፈታም ማለት ግን አይቻልም። ለደረሰው አደጋ ሊያዝን የሚመጣው ሰው ሁሉ፣ እንደ ድሮዋ ዝም ትል ይሆን ብሎ ይጠይቃል። እሳቸውም እንሞክራለን ይላሉ።

ለሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀር፣ ሐሙስ፣ ቁልፉን አዞሩትና ጓሮ ውስጥ ተነሣች። ዓርብም ተነሣች። ጎረቤቱ ወፍጮ የተተከለ መስሎት ማስፈጨት ስንት እንደሆነ ልኮ አስጠየቀ።

ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ጋሽ ደጉና ጋሽ ቢሻው ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ጋሽ ፍቃዱ ሞተሩን ገና ማጥፋታቸው ነበር፤ እጃቸውን ታጥበው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ተቀበሏቸው። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው ተወራ። ከዚያ ጋሽ ደጉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ድንኳኑን ታች፣ አደባባዩ ጋ፣ ወንድሜ ግቢ ልንተክለው አስበናል።»

«ምነው? እናንተ ጋ ቦታው አይሰፋም?»

«መስፋቱን ይሰፋል። ነፋስ በዛ።»

ጋሽ ፍቃዱ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። የእንሰት ቅጠል ለትንሽ ነፋስም ይሰነጠቃል፤ የግቢያቸው እንሰት እንደተሣለ ሥዕል ቆሟል።

«ለእንግዳውም ቁልቁለቱ ይሻላል» አሉ ጋሽ ቢሻው፣ የጠላ ብርጭቆአቸውን እያዩ። «መኪናዋም የለመደችው መንገድ ነው።»

አሥራ አንድ ዓመት የሰጡት ትርኢት ተመልካቹ ከመጀመሪያው ቀን ያወቀው እንደነበር ጋሽ ፍቃዱ የተረዱት ያኔ ነው። ቆጣቢ ያላት፣ የአሜሪካ ነገር ያለው፣ በሯ ላይ ተደግፎ ፎቶ የተነሣው ሁሉ ያውቅ ነበር። አሁን ደግሞ እንዳያፍሩ ብሎ አንድ ሙሉ ሠርግ፣ ከነድንኳኑና ከነድስቱ፣ ቁልቁለቱን አውርዶታል። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነው። ሞተሩ ጓሮ ገና አልቀዘቀዘም። ሁለቱን ሽማግሌዎች አስነሥቶ አሥር እርምጃ መውሰድ ብቻ ነበር የቀራቸው።

«እውነት ነው» አሉ። «ነፋሱ ዘንድሮ ከፍቷል።»

ሽማግሌዎቹ እንደወጡ እትዬ ጽጌ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ለምን አላሳየሃቸውም?»

«ለእኔ ብለው ነው ያወረዱት። አሁን ይሠራል ብል የሚያፍሩት እነሱ ናቸው።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይሠራ ይሠራል አልክ። ሲሠራ አይሠራም ልትል ነው?»

«አይሠራም አልልም» አሏት። «እንደ በፊቱ ዝም እላለሁ።»

እሑድ ሜሪ በቬሏ፣ ወንድማገኝ በሱፉ፣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መሪውን አባቷ ያዙ። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ደመና ነበር። ሰው ከግቢያቸው በር እስከ አደባባዩ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ያጨበጭባል፣ እልልታው ይቀልጣል። ሸቭሮሌቷ ዝም ብላ ወረደች፣ እንደ ድሮዋ፤ ያየ ሁሉ ዳነች፣ ዳነች አለ። ሐሙስና ዓርብ ጓሮ የነበረችው ሜሪ ግን ታውቃለች። መሀል መንገድ ላይ ወደ ፊት አጎንብሳ በጆሯቸው ተናገረች።

«አባዬ፣ ቁልፉን አዙረው። አንዴ ብቻ።»

«ዝም በይ ልጄ» አሏት፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ። «ሰው ውኃ ይዟል።»

እውነት ነው። የተሰለፈው ሁሉ አበባ በእጁ ይዟል፤ እግሩ ሥር ደግሞ የሞላ ጀሪካን አለ። ግንበኞቹ ሱፍ ለብሰው ነው የመጡት፣ አካፋቸው ግን ከኋላቸው ግድግዳ ላይ ተደግፏል። አንድ ጊዜ የደነገጠ ከተማ ነው።

ሠርጉ አማረ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ሱቄን ልዘጋ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ኑሪ ለማንም እንዳልናገር አስጠንቅቆ ነው የነገረኝ። ገመዱን ሊያስር ሲመጣ ጋሽ ፍቃዱ መሪው ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። የድንኳኑ ሙዚቃ ጆሮ ያደነቁራል። ኑሪ ለመደገፍ እጁን ኮፈኑ ላይ ሲያሳርፍ ይፋጃል። እጁን አነሣ። እሳቸውን አየ፣ ደመናውን አየ።

«ፀሐዩ ዛሬ አቃጠላት» አለ።

«አዎ፣ ከብዷል» አሉት ጋሽ ፍቃዱ።

ገመዱን አሰረ።

ሱቄ በር ላይ ሆኜ ሲመጡ አየኋቸው። አይሱዙው እንደ ወትሮው እያጓራ ይመራል። ሸቭሮሌቷ ሦስት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቀርታ ትከተላለች። ጋሽ ፍቃዱ ፊታቸውን ኮስተር አድርገዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ገመድ ግን ላልቶ ነበር፤ መሀሉ ኮብልስቶኑን እየጠረገ ነው የሚያልፈው። ከአይሱዙው ጩኸት ሥር ደግሞ ሌላ ድምፅ አለ፣ ወፈር ያለ፣ እኩል የሚመታ። ከማዶ ያለችው የቡቲክ ባለቤት ዙሌካ እጇን ከዕቃ ቆጠራዋ ላይ አንሥታ ጆሮዋን አቀናች። ዓይኗ ወደ ደጇ ጀሪካን ሄደ።

ገብቼ ጄኔሬተሬን አስነሣሁ። መብራት አልጠፋም ነበር።